ጅቡቲ ወርጄ የልጄን ዓሣ እስክበላ

ከቤቴ የወጣሁት ልጄን አልማዝን ለማየት ነው። ጅቡቲ፣ ባሕር ዳርቻ ላይ ባለ ሆቴል ዓሣ ትሠራለች፤ «የወጥ ቤቱ ኃላፊ እኔ ነኝ» ብላኛለች በስልክ። መልካ ወረር ያለው ጎረቤቴ ታፈሰ ግን «ሳህን አጣቢ ናት» ብሎ ለሰፈሩ ሁሉ አወራ። እኔ በወሬ አልከራከርም። «ሄጄ አይቼ እመጣለሁ» አልኩት።

«በዐቢይ ጾም? ዓሣዋን ላትቀምስ ምን ልታይ ነው?»

«ዓይን አለኝ» ብዬው ፓስፖርቴን ይዤ ወጣሁ።

አዋሽ

የሰፈራችን ልጅ ከድር የከባድ መኪና ሹፌር ነው። የሚያድረው አዋሽ ስለሆነ ወደ ኋላ ሄጄ እዚያ ተሳፈርኩ። ቦሎቄ ጭኗል። በመልካ ወረር በኩል ስናልፍ ዕድሜዬን ሙሉ ውሃ ያጠጣሁበትን የጥጥ እርሻ በጣቴ አሳየሁት።

«አባባ፣ ባሕሩን ሲያዩ ይሄን ቦይ ይረሱታል» አለኝ።

«ባሕሩ ጥጥ ያበቅላል?» አልኩት። 

ሎጊያ

ሎጊያ ስንደርስ የመኪናው የኋላ ጎማ ፈነዳ። ጋራዡ ደግሞ በተሰለፈ መኪና ተሞልቷል። ሰመራ አፍንጫችን ስር ሆና የቢሮዎቿ ቆርቆሮ ሲያበራ እያየን ቀናት ተቀመጥን። ከድር ፍየል ጥብስ ይበላል፤ እኔ ሽሮ። የሽሮው ዋጋ አዋሽ ከበላሁት እጥፍ ነው፤ ሙቀቱን በነፃ ይጨምሩልሃል። ከሆሳዕና በፊት እገባለሁ ያልኩት ሰውዬ ድንበሩን በጋላፊ የተሻገርኩት ሕማማት ገብቶ ነው።

ጅቡቲ

አልማዝ ነጭ ቆቧን እንዳደረገች ከሆቴሉ በር ሮጣ መጣች። ልትስመኝ ስትጠጋ እጄን ዘረጋሁባት። በሕማማት መሳሳም የለም።

«አባዬ፣ ከስንት ዓመት በኋላ?»

«ቅዳሜ አልፎ እሁድ ይመጣል» አልኳት።

ወጥ ቤቷን አየሁ። ሁለት ጎረምሶች እሷን ሳይጠይቁ ጨው አይነኩም። ዓሣውን በቁመቱ ሰንጥቃ፣ በርበሬ ቀብታ፣ በሚነደው የሸክላ ምድጃ ግድግዳ ላይ ትለጥፈዋለች። ተጠብሶ ሲወጣ ፊቴ አቀረበችው።

«እዚህ ብዙ ሰው ዓሣ በጾምም ይበላል፣ አባዬ።»

«እኔ የመልካ ወረር ሰው ነኝ።»

ሳህኑን አንስታ ሄደች።  ያን ዓሣ ፈረንጆች በሉት፤ እሷ ግን ቀኑን ሙሉ ፊቷ አልተፈታም። ለእኔ ብላ የሠራችው ነው። ማየት ብቻ እንደማይበቃ ያኔ ገባኝ።

ከድር ጭነቱን አራግፎ «እንነሳ» ሲለኝ እምቢ አልኩ።

«ፋሲካን ያለ ዶሮ ሊውሉ ነው?»

«ዶሮ ቤቴም አለ። ሂድ።»

ጠዋት ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ስሰግድ ቆይቼ ከሰዓት ባሕር ዳር እቀመጣለሁ። ውሃው አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይሸሻል፤ የሚያዘው ሰው የለም። አንድ ቀን አልማዝ የጎልፍ ሜዳ አሳየችኝ። መሬቱ ድንጋይና አሸዋ ነው። እያንዳንዱ ሰው ቁራጭ አረንጓዴ ምንጣፍ ይዞ ይዞራል፤ ያነጥፍና ትንሿን ኳስ በላዩ አስቀምጦ በዘንግ ይመታል፤ ከዚያ ምንጣፉን አንስቶ ኳሱን ይከተላል።

«ምንድን ነው የተሸከሙት?»

«ሣር ነው። እዚህ አይበቅልም፤ ስለዚህ የራሳቸውን ይዘው ይመጣሉ። አንተ ጾምህን ተሸክመህ እንደመጣኸው።»

ሕማማት መሆኑን ረስቼ ሳቅኩ። እሷም ሳቀች።

ፋሲካ

ከቅዳሴ ወጥተን ልጄን አገላብጬ ሳምኳት። ያገሬ ሰው ሁሉ በዶሮ ሲፈስክ እኔ የባሕር ዓሣ ፊት ተቀመጥኩ። ጎረምሶቹ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ፤ አልማዝ እጇን ሽርጧ ላይ ትጠርጋለች፣ መልሳ ትጠርጋለች። ከአጥንቱ በቀር ምንም አላስተረፍኩም።

«እንዴት ነው?» አለችኝ።

«ሌላ አምጪ» አልኳት። ከዚያ በላይ ማመስገን አላውቅበትም፤ እሷም ታውቃለች።

መልስ

በሌላ መኪና ሎጊያ፣ ከዚያ በሚኒባስ ቤቴ ገባሁ። ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ይሄን ነው፦ ስለ ልጅህ ወሬ ከመጣ፣ ሄደህ ከእጇ ብላ። ጊዜው ካልሆነም እስኪሆን ተቀመጥ።

አልማዝ ጨው ነስንሳ ያደረቀችውን ዓሣ አሲዛኝ ነበር። ጠብሼ ታፈሰን ጠራሁት። በላ፤ ጣቱንም ላሰ።

«ማን ነው ያሰናዳው?» አለኝ።

«ሳህን አጣቢዋ» አልኩት።