የእትዬ ሙጫ ናሙና ጥራዝ

አክስቴ በቤተ መጻሕፍቱ ምድር ቤት መጽሐፍ ስትጠርዝ ሃያ ስድስት ዓመት ሠርታለች። ከጣቷ ሙጫ ስለማይጠፋ ሠራተኛው ሁሉ «እትዬ ሙጫ» ይላታል። እኔ ፎቅ ላይ መጽሐፍ አውሳለሁ፤ የምነግራችሁን በዓይኔ አይቻለሁ።

አለቃችን አንድ ቀን ሐሳብ መጣለት። አምስት ደራሲዎች ከምድር ቤቱ እንግዳ እንግዳ መጻሕፍት አንዳንድ መርጠው ስለመረጡት ይጽፋሉ፤ የጻፉትንም በአዳራሹ ለሕዝብ ያነባሉ። የተመረጡት መስታወት ውስጥ ይቀመጣሉ፤ የቀሩት ቦታ አጣበዋልና ለወረቀት ፋብሪካ ይሰጣሉ።

የአክስቴ አንጀት የተንሰፈሰፈው ለአንዱ ነበር። አንድ የትምህርት ቤት ዘበኛ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ የየቀኑን ዝናብ በእጁ የጻፈበት መዝገብ ነው። «ዛሬ ካፊያ። ልጆቹ ሳይበሰብሱ ገቡ» ይላል አንዱ ገጽ። ሽፋኑ ግን ተገንጥሏል።

ደራሲዎቹ መጡ። ከማንበብ ይልቅ ፎቶ መነሳት ቀለላቸው። አራቱ ሽፋን እያዩ መረጡ። አምስተኛው፣ ስመ ጥር ነኝ ባይ ገጣሚ፣ ከአክስቴ ጠረጴዛ ላይ አንድ ወፍራም ጥራዝ አነሳ። ገለጠው፤ ነጭ። ደግሞ ገለጠ፤ ነጭ። ዓይኑ እንባ አቀረረ።

«ጌታዬ፣ እሱ እኮ መጽሐፍ አይደለም። አዲሱን ቆዳ የሞከርኩበት ናሙና ነው» አለችው አክስቴ።

«እናቴ፣ እርስዎ ጠራዥ ነዎት፤ ይሄ አይታይዎትም» አላት።

በንባቡ ቀን ስለ «ዝምታው መጽሐፍ» አርባ ደቂቃ ደሰኮረ። ሙጫ የነካውን ገጽ «የደራሲው እንባ» አለው። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። አክስቴ አለቃውን ወደ ጥግ ወስዳ እውነቱን ነገረችው።

«አውቃለሁ እትዬ፤ ግን ጋዜጣ ላይ ወጥቷል፤ አሁን መጽሐፍ ሆኗል» አላት። «ይልቅ ነገ መኪናው ይመጣል፤ የቀሩትን ያሳስሩልኝ።»

ብግን አለች። በማግስቱ ጠዋት መስታወቱ ከመታሸጉ በፊት «ጀርባውን ላጥብቀው» ብላ ናሙናውን አወረደች። ነጩን ወረቀት ገንጥላ፣ የዘበኛውን መዝገብ ጠርዙን ጥቂት ከርክማ፣ በቆዳው ውስጥ ሰፋችው። እኔ በር ላይ ቆሜ ጠበቅሁላት።

ይኸው ስድስት ዓመት ሆነው። ገጣሚው እንግዳ እያስከተለ ይመጣና በመስታወቱ በኩል ስለ ባዶነቱ ያስረዳል። እስከዛሬ «ይከፈትልኝ» ያለ የለም። አክስቴ ጡረታ የወጣች ቀን መስታወቱ ፊት ብዙ ቆመች።

«ያዳንኩት መስሎኝ ነበር» አለችኝ። «ለካ ቀብሬው ነው።»