ሰላምታ የሌለው ኢሜይል

እናቱ ያወጣችለት ስም አለው፤ መሥሪያ ቤቱ ውስጥ ግን ማንም አይጠራበትም። ከበር ጥበቃው ጀምሮ እስከ ሥራ አስኪያጁ ድረስ «ፓስወርድ» ነው የሚሉት። በፍቅር ያወጡለት ስም አይደለም። ጠዋት ሲገባ አንዱ ለሌላው «ፓስወርድ መጣ፣ ሸሽግ» ይለዋል፤ ፓስወርዳቸውን ጽፈው ስክሪኑ ጥግ ላይ የለጠፉትን ቁራጭ ወረቀት ማለታቸው ነው። የሚሸሽጉትም ኪቦርዱ ሥር ነው። እሱም ኪቦርዱ ሥር እንደሆነ ያውቃል፤ እነሱም እንደሚያውቅ ያውቃሉ። እንዲህ ሆነው ይኖራሉ።

ሥራ የጀመረው የጽሕፈት መኪና በመጠገን ነበር። ያኔ ኑሮ ቀላል ነበር፤ ፊደል ከተጣበቀ ያላቅቃል፣ ሪባን ካለቀ ይቀይራል፣ የጽሕፈት መኪና ውስጥ ገብቶ የሚሰርቅ ሌባም አልነበረም። ኮምፒውተር ሲመጣ «መኪና የሚያውቀው እሱ ነው» ተብሎ ተጫነበት፤ እሱም ማታ ማታ ተምሮ ራሱን አበቃ። ከዚያ ወዲህ ሰላም አግኝቶ አያውቅም። ፕሪንተር ወረቀት ሲበላ እሱ ነው፣ መብራት ሲጠፋ እሱ ነው። አንድ ጊዜ የሒሳብ ክፍሉ ወንበር ጎማው ወልቆ «ኮምፒውተሩ ጋ ያለው ወንበር ነው እኮ» ብለው ጠርተውታል። ቤቱ ሲገባ ደግሞ አማቱ ይደውላሉ፤ ቴሌቪዥኑ ድምፅ እንጂ ምስል የለውም ይላሉ። ሚስቱ በእንቅልፍ ልቡ «ዝጋውና እንደገና ክፈተው» ሲል ሰምቼዋለሁ እያለች ለጎረቤት ታወራበታለች።

ስለ ኢሜይል የራሱ አቋም አለው፤ ሰሚ አጣ እንጂ። ዋናው መሥሪያ ቤት ፓስወርድ በየወሩ ይቀየር ሲል፣ በየወሩ ቀይሩ ማለት በየወሩ ወረቀት ላይ ጻፉ ማለት ነው ብሎ ተሟግቷል። ረዘም ያለ፣ ከልብ የማይጠፋ አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል፣ እሱንም ለማንም አለመንገር ነው ይላል። የላኪውን ስም አትመኑ፣ ስም ማንም ይጽፋል፣ አድራሻውን እዩ ይላል። መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ፍላሽ አትሰኩ፤ ለምሳ ስትወጡ ስክሪናችሁን ቆልፉ፤ የተሳሳተ ሰው ቶሎ ከተናገረ አትቆጡት፣ ከተቆጣችሁት በሚቀጥለው ይደብቃችኋል ይላል። ከሁሉም በላይ ደግሞ፣ ከተጠራጠራችሁ ስልክ አንሱና ላከ የተባለውን ሰው በአፉ ጠይቁት ይላል። ሰዎቹ ራሳቸውን ይነቀንቁና ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

ከሁሉ ቆሽቱን የሚያሳርረው ግን የሥራ አስኪያጁ ነገር ነበር። መሥሪያ ቤቱ የውሃ አገልግሎት ቅርንጫፍ ነው፤ ሥራ አስኪያጁም ጡረታቸው የተቃረበ፣ የትኛው ቧንቧ ከየት ተነሥቶ በየትኛው አጥር ሥር እንደሚያልፍ ካርታ ሳያዩ የሚናገሩ ሰው ናቸው። ኪቦርድ ግን ነክተው አያውቁም። ኢሜይላቸውን የምትከፍተው፣ የምታነበው፣ የምትመልሰው ጸሐፊያቸው ናት፤ ፓስወርዳቸውም በሷ እጅ ነው። እሳቸው መስኮቱ ጋ ቆመው «ይሄን ሰውዬ እንቢ በይው» ይላሉ። እሷ «እንደምን ሰነበቱ፤ ጥያቄዎን በጥሞና ተመልክተነዋል» ብላ ትጀምርና እንቢታውን ምርቃት አስመስላ ትልከዋለች። ኢሜይሉ የደረሰው ሁሉ እንዴት ያለ ጨዋ ሰው ነው እያለ ያመሰግናቸዋል። ፓስወርድ ይህ ነገር አንድ ቀን ጉድ ያመጣል እያለ ዓመታት ሙሉ ጮኸ። እሳቸውም «እሷን ካላመንኩ ማንን ላምን ነው» ይሉታል።

በእርግጥም የምትታመን ሴት ነበረች። ባሏና ሴት ልጇ የሚኖሩት ሌላ ከተማ ነው፤ አውቶቡስ ቀኑን ሙሉ ይጓዛል። ባሏ እዚያ አስተማሪ ነው፤ ልጅቷም የሚይዟት አያቷ እዚያ ስላሉ ከአባቷ ጋር ቀረች። እናትየው እዚህ አንድ ክፍል ተከራይታ ብቻዋን ትኖራለች። ዝውውር በጠየቀች ቁጥር ሥራ አስኪያጁ «ቆይ እስቲ፣ ይሄ ዓመት ይለፍ» ይሏታል፤ ያለሷ አንድ መስመር መጻፍ እንደማይችሉ ስለሚያውቁ ነው። ልጅቷ በስልክ አደገች ማለት ይቻላል። አሁን ግን እዚያ ከተማ ባለው ቅርንጫፍ የጸሐፊ ቦታ ተከፍቷል። የዝውውር ኮሚቴው ሐሙስ ከሰዓት ዋናው መሥሪያ ቤት ይቀመጣል፤ እስከዚያ ድረስ የአለቃዋ ስምምነት በጽሑፍ ካልደረሰ ቦታው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ይህን መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ያውቃል። ሥራ አስኪያጁ ምን እንዳሰቡ ግን ማንም አያውቅም፤ እሷም ደግማ ለመጠየቅ አፍራለች።

ጉዱ የመጣው በዚሁ ሰሞን ነው። ሌላ ቅርንጫፍ ውስጥ አንድ ሠራተኛ ሐሰተኛ ኢሜይል ከፍቶ የደንበኞች ፋይል በሙሉ ተቆለፈ። እባብ ያየ በልጥ በረየ እንደሚባለው ዋናው መሥሪያ ቤት ደነገጠና ትእዛዝ አወረደ፤ ከዛሬ ጀምሮ ማንም በሌላ ሰው ኢሜይል አይጠቀምም፣ እያንዳንዱ የራሱ ፓስወርድ ይኑረው፣ አለቃም ቢሆን። ፓስወርድ ደስታውን መሸከም አቃተው። ሠራተኛውን አዳራሽ ሰብስቦ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ብሎ በትልቁ ጽፎ ግድግዳው ላይ ለጠፈ። ሌባ ሰላምታ አያውቅም፣ ያጣድፋል፣ ለሰው አትንገሩ ይላል፣ በዚህ አድራሻ መልሱልኝ ይላል ብሎ አስተማረ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ማስታወሻ ሲይዝለት አየ። ጸሐፊዋም የሥራ አስኪያጁን ፓስወርድ ያለ አንዳች ቅሬታ አስረከበች፤ ሸክም ቀለለልኝ ነው ያለችው።

ሥራ አስኪያጁ አዲሱን ፓስወርዳቸውን ረቡዕ ጠዋት ረሱት። ደጋግመው ሲሞክሩ ኢሜይሉ ተቆለፈባቸው። ስልክ ደወሉ፤ ፓስወርድም ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርስ «የማይረሱት ዓረፍተ ነገር ይሁን ብዬዎት ነበር እኮ» አላቸው። እውነቱን ነው፤ ግን እውነትም አነጋገር አለው። «አንተ ልጅ፣ በገዛ ቤቴ በር ላይ አቆምከኝ» ብለው ስልኩን ጆሮው ላይ ዘጉበት። ደረጃውን ወጥቶ መክፈት የደቂቃ ሥራ ነበር። አልሄደም። ይህን ሁሉ ዓመት ለፍቼ የማገኘው ምስጋና ይሄ ነው ብሎ አንጀቱ አረረ፤ ሲፈልጉ ራሳቸው ይደውሉ አለ። እሳቸውም ለሱ ደግመው ላይደውሉ ማሉ። ሁለት የልጅ አባቶች ተኮራርፈው ተቀመጡ።

ሐሙስ ከምሳ በፊት እጁን ፕሪንተር ሆድ ውስጥ ከትቶ ጣቶቹ በቶነር ጠቁረው ሳለ ስልኩ ጮኸ። የደወለችው የዋናው መሥሪያ ቤት የሰው ኃይል ኃላፊ ናት። በሥራ አስኪያጃችሁ ስም ኢሜይል መጥቶልኛል፣ ግን የሳቸው አልመስል ብሎኛል አለችው። ወደሱ አስተላለፈችለት። አድራሻው የመሥሪያ ቤቱ አይደለም፤ ማንም ሰው በነፃ የሚከፍተው ዓይነት ነው። ጽሑፉ ይህ ነበር፦ «ያቺ ልጅ ትሂድ። ተስማምቻለው ዛሬ ጨርሱ። እሷ ለግዜው እንዳትሰማ። መልሱን በዚ ላኩልኝ።»

ፓስወርድ ሳቀ። ያስተማረው ምልክት አንድም ሳይጎድል ተሰልፎ መጣለት፤ ሰላምታ የለ፣ ጥድፊያ አለ፣ ምስጢር አለ፣ በዚህ መልሱልኝ አለ። ሴትየዋ ስለ ጸሐፊዋ ዝውውር ይሆን እንዴ ብላ ጠየቀች። ሌቦቹ የማያውቁት ነገር የለም፣ ሥራ አስኪያጃችን እንደዚህ አይጽፉም አላት። ሥራ አስኪያጁ ከነጭራሹ ጽፈው እንደማያውቁ ከሱ የበለጠ የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። ልደውልላቸውና ልጠይቃቸው ወይ አለች። ስማቸው ሲነሣ የትናንቱ ስልክ ጆሮው ላይ እንደገና ተዘጋ። አትድከሚ፣ እኔ እነግራቸዋለሁ፣ አንቺ ሰርዢው አላት። ሰረዘችው። እሱም አልነገራቸውም።

ዓርብ ጠዋት ያንኑ ኢሜይል «ሰላምታ የሌለው ኢሜይል፤ ተማሩበት» የሚል ርእስ ሰጥቶ ለሠራተኛው ሁሉ በተነው። ኮራ ብሎ ነበር የበተነው።

ጸሐፊዋ ያሮጌ ስክሪን ቁልል ወዳለበት ክፍሉ ስትገባ ልታመሰግነው የመጣች መስሎት ብድግ አለ። ፊቷን ሲያይ ተመልሶ ተቀመጠ።

«ይሄን የጻፉት እሳቸው ናቸው» አለችው።

አይሆንም አላት፤ አድራሻውን አሳያት። እሷ አድራሻውን አላየችም።

«ስንት ዓመት ሙሉ እኮ እንዲህ ነው የሚነግሩኝ። ‹ጨርሱ› ይላሉ፣ ‹ይሂድ› ይላሉ። ሰላምታውን የምጨምረው እኔ ነኝ።»

ኢሜይሉ የመጣው ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት ነው ወይስ በኋላ ብላ ጠየቀችው። በፊት ነው አላት። ወንበር ፈልጋ አጣችና የተበላሸ ፕሪንተር ካርቶን ላይ ተቀመጠች።

«ፓስወርዱ እጄ ላይ በነበረ ጊዜ ለራሴ አንድ መስመር ጽፌ ብልክ ማን ያውቅ ነበር?» አለች። «ማንም። ግን የሳቸው አፍ እንጂ የኔ አይደለም ብዬ ተውኩት።»

ሁለቱም ወደ ሥራ አስኪያጁ ክፍል ወጡ። እሳቸውም ሳይደብቁ ተናገሩ። ረቡዕን ሙሉ ሲያወጡ ሲያወርዱ ዋሉ፤ የሰው ትዳር ለራሴ ምቾት ብዬ ይዣለሁ ብለው ኅሊናቸው ወቀሳቸው። የገዛ መሸኛዋን ራሷ ትጻፈው ማለት ነውር ሆነባቸው፤ ደግሞም መልሱ እርግጥ ሳይሆን ተስፋ ሊሰጧት አልፈለጉም። የመሥሪያ ቤቱ ኢሜይል ስለተቆለፈ፣ አማቻቸው የልጅ ልጆቻቸውን ፎቶ የሚያዩበት ብሎ ስልካቸው ላይ በከፈተላቸው አድራሻ በአንድ ጣት ጻፉ። አራቱን መስመር ለመጨረስ የሐሙስ ጠዋት አለቀ። በዕድሜያቸው የመጀመሪያው ኢሜይል ነው።

ፓስወርድ እዚያው ቆሞ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለ። ሴትየዋ ቦታው ትናንት ማታውኑ ለሌላ ሰው ተሰጥቷል፣ የምደባ ደብዳቤውም ወጥቷል አለችው። ለመነ። ሰርዢው ያልከኝ አንተ አይደለህም ወይ አለችው። ትክክል ናት፤ አሁንም ሌላ ቦታ እስኪከፈት ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ማንም አያውቅም።

ሥራ አስኪያጁ መነጽራቸውን አወለቁ። ይጮኹብኛል ብሎ ጠበቀ፤ ቢጮኹበት በወደደ። ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«ለሰው ሁሉ ደውላችሁ ጠይቁ ትል የለም ወይ?» አሉት። «ለእኔ ለምን አልደወልክም? ስልኬ ቀኑን ሙሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበረ።»

በኩርፊያ ነው ብሎ እንዴት ይመልስ? አንዲት እናት ከልጇ ጋር እንዳትኖር ያደረጋት ቫይረስም፣ ሌባም፣ ደካማ ፓስወርድም አይደለም፤ ሁለት ወንዶች ተኮራርፈው ስልክ አለማንሣታቸው ነው። በራሱ ላይ የተሰማው ንዴት በሌሎች ላይ ከተሰማው ሁሉ ይበልጥ ነበር። ይቅርታ አድርጉልኝ አለ፤ ቃሉ ለራሱም ቀለለበት።

ጸሐፊዋ ስልኳን ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። እሱም ተከትሎ ወጣ፤ ምን እንደሚላት ሳያውቅ። ልጇን አግኝታ እየተነጋገረች ነበር። ድምፅዋን አስተካክላ፣ በዚህ ዓመት እንደማይሆን፣ ግን በዕረፍት እንደምትመጣ ነገረቻት። የልጅቷ ድምፅ ከስልኩ ወጥቶ በባዶው ኮሪደር ጥርት ብሎ ይሰማል። ማነው የከለከለሽ ብላ ጠየቀች።

«ማንም አልከለከለኝም፣ የኔ እናት። ኮምፒውተሩ ነው እንቢ ያለው።»

ፓስወርድ የሱን ስም ብትጠራ ይሻለው ነበር። ሁለት እርምጃ ወደሷ ቀረበና ቆመ።

«እና የሚጠግነው ሰው የለም?» አለች ልጅቷ።

ጸሐፊዋ ቀና ብላ አየችው።

«አለ» አለቻት። «እዚሁ አጠገቤ ቆሟል።»