ስፖንጅ እና ባለቀንዱ ቤዝ

የሙዚቃ ዕቃ መሸጫው መስኮት ላይ ያ ጊታር የተሰቀለ ዕለት፣ ከመንገዱ ማዶ ያለን የካፌ ደንበኞች ሥራ ፈታን ብል እግዜርም አይወደው፤ ቀድሞስ ምን ሥራ ነበረን? እንዲያውም ሥራ አገኘን። ጊታሩ ምን እንደሚመስል መወሰን ነበረብን። መካኒኩ ከአውሮፕላን ላይ የወደቀ ክንፍ ነው አለ። ፋርማሲስቱ የወፍ ጭራ ነው ብሎ ማለ። ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ አስተማሪ የሁለት ወንዞች መገናኛ ነው ብለው በናፕኪን ላይ ካርታ ነደፉልን። ጸጉር አስተካካያችን ደግሞ ምንም ይምሰል ምን፣ ለፎጣ መስቀያ ግን አንደኛ ነው ብሎ ክርክሩን ዘጋው።

እውነቱን ለመናገር ጉድ ነበር። አንገቱ ረጅም፣ ገላው ከመሐል ለሁለት የተሰነጠቀ፣ ሁለቱ ቀንዶቹ ወደ ኋላ የሾሉ፣ ቀለሙ እንደ በሰለ ቲማቲም የቀላ። አራቱ ወፋፍራም ክሮች ባይኖሩበት ቤዝ ጊታር ነው ብሎ የሚጠረጥረው ሰው አይገኝም።

አንድ ሰው ብቻ ትንፍሽ አላለም። ስፖንጅ።

ስፖንጅ የምንለው ሶፋ አዳሹን ነው። በዚህ ሰፈር ተቀምጦ የማያውቅ ካልሆነ በቀር እሱ በሞላው ስፖንጅ ላይ ያልተቀመጠ የለም። የሰውን ጠባይ የሚያነበው ከፊቱ ሳይሆን ከመቀመጫው ጉድጓድ ነው። ባልና ሚስት መኳረፋቸውን ከጎረቤት ቀድሞ ያውቃል፤ ሶፋው መሐሉ አዲስ ሆኖ ሁለቱ ጫፎቹ ያለቁ እንደሆነ ነገር አለ ማለት ነው። ግን አይናገርም። ሲሠራ ትንንሽ ምስማሮችን በከንፈሩ ይዞ አንድ በአንድ እያወጣ ስለሚመታ፣ ዕድሜውን ሙሉ አፉ በብረት ተሞልቶ ነው የኖረው። ካፌ ሲመጣ እንኳ ምስማሩን ተፍቶ ወሬ ለመጀመር ጊዜ ይፈጅበታል።

ያን ዕለት ግን ዝምታው ሌላ ነበር። ማኪያቶው ፊቱ ላይ ቀዝቅዞ፣ ዝንብ ዋና ተምራ ተመርቃበት፣ እሱ ዓይኑን ከመስኮቱ አልነቀለም።

ምክንያቱን የምናውቅ እናውቃለን። ስፖንጅ በጉብዝናው ዘመን የሆቴል ባንድ ቤዝ ተጫዋች ነበር። አዳራሹ ትንሽ ነው፤ መድረኩ ከመጥበቡ የተነሳ ዘፋኙ እጁን ሲዘረጋ ከበሮ መቺው አንገቱን ይሰብራል። ለቤዝ የተረፈው ቦታ ከደረጃው ሥር ያለው ጥግ ብቻ ነበር። እዚያ ደግሞ ሰው መቆም አይችልም። ስለዚህ ስፖንጅ የለስላሳ ሣጥን ገልብጦ፣ አንገቱን ሰብሮ፣ ተቀምጦ ይጫወታል። ተቀምጦ ተማረ፣ ተቀምጦ በሰለ፤ ቆሞ አንድ ዜማ እንኳ ተጫውቶ አያውቅም። ዘፋኙ ደረቱን ከፍቶ፣ ሽቶው ከሱ ቀድሞ በር ላይ ደርሶ፣ ጭብጨባውን ሁሉ ሲሰበስብ፣ የስፖንጅን መልክ ያየ ታዳሚ የለም። እሱም አልከፋውም። ቤዝ የሶፋ ስፕሪንግ ነው ይላል፤ ደህና እስከሆነ ማንም አያስታውሰውም፣ የተሰበረ ዕለት ግን ሁሉም ብድግ ይላል።

ሚስቱን ያገኘውም በዚሁ ነው። እሷ ከአዳራሹ ሥር ባለው የልብስ እጥበት ክፍል ትሠራ ነበር። በኮርኒሱ በኩል የዘፋኙ ድምፅ አይወርድም፤ የሚወርደው ቤዙ ብቻ ነው። እሷና ጓደኛዋ ታዲያ የአልጋ አንሶላ ሲያጥፉ በሱ ነበር የሚመሩት፤ ዱም ሲል ይስባሉ፣ ዱም ዱም ሲል ያጥፋሉ። እንደ መጽሐፍ ገጽ የተስተካከለ አንሶላ! አንድ ቅዳሜ ስፖንጅን ጉንፋን ጣለውና የኪቦርድ ተጫዋቹ በግራ እጁ ሸፈነለት። እታች አንሶላው ሁሉ ጠመመ፤ አለቃቸው ተቆጣች። ሰኞ ልጅቷ ሽርጧን እንዳደረገች አዳራሹ ድረስ ወጥታ ቅዳሜ የተጫወተው ማነው ብላ አፋጠጠች። ስፖንጅ ከደረጃው ሥር እየዳኸ ወጣና ታምሞ እንደነበር ነገራት።

«ሁለተኛ እንዳትታመም» አለችው።

የፍቅር ደብዳቤያቸው ይኸው ነው፤ ሌላ የለም።

ኋላ ሆቴሉ ትልቅ ኪቦርድ ገዛ፣ ያ ግራ እጅም በቋሚነት ተቀጠረ። ሰውን አለቃ ያባርረዋል፣ ጠላት ያባርረዋል፤ ስፖንጅን ያባረረው አንድ እጅ ነው። ቤዙም የሆቴሉ ነበርና ከመወልወያዎቹ ጋር ዕቃ ግምጃ ቤት ተቆለፈበት። እሱ አጎቱ ዘንድ ሶፋ ማደስ ገባ። የራሱ የሚለው ጊታር ኖሮት አያውቅም።

እና አሁን በዚህ ዕድሜው ሰበብ እየፈለገ ወደ መሸጫው መመላለስ ጀመረ። መጀመሪያ ክር ፈልጌ ነው አለ። ቀጥሎ የባለሱቁ በርጩማ ተቀድዶ ሊያድስለት እንደሆነ ነገረን፤ በርጩማው አልተቀደደም ነበር። በመጨረሻ ጊታሩን አስወርዶ ጭኑ ላይ አስቀመጠው። ወይ መቀመጥ! ያ ባለቀንድ እንደ ርጥብ ሳሙና ተንሸራትቶ ጉልበቱ ላይ ደረሰ፤ መለሰው፣ እንደገና ወረደ። ባለሱቁ በትሕትና፣ «ጋሼ፣ ይሄ ቆመው ነው የሚጫወቱት» አለው። ከጎኑ ሌላ ቡናማ፣ ሆዱ ክብ የሆነ ቤዝ ነበር፤ እሱ ጭን ላይ እንደ ድመት ይተኛል። ልብ ያለው ሰው የሚገዛው እሱን ነው። ስፖንጅም ራሱ አምኗል። ታዲያ ዓይኑ ለምን ወደ ቀዩ ይመለሳል? ለብቻችን ስንሆን ነገረኝ፤ «ይሄኛው ደረጃ ሥር አይገባም። ቀንዱ አያስገባውም።»

ነገሩን ያጣደፈው ጸጉር አስተካካዩ ነው። ለፎጣ መስቀያ ሊገዛው ከባለሱቁ ጋር ተነጋግሮ ጨርሷል፤ ስፖንጅ ቀድሜ የጠየቅሁት እኔ ነኝ ስላለ ብቻ እስከ ሳምንቱ መጨረሻ ታገሡት።

«አንተ ምን ልታደርገው ነው? ሶፋ ልታለብሰው?» ብሎ ጎነተለው ካፌ ውስጥ።

ስፖንጅ የሌለ ምስማር ከአፉ ያወጣ ይመስል ከንፈሩን ጠረገ። ቤዝ ላይ ርጥብ ፎጣ የሚሰቅል ሰው ነገ የልጁ አንገት ላይም ይሰቅላል አለና ወጣ።

ለሚስቱ መንገር ግን ፈራ። ቤቱ ለራሱ ጠባብ ነው፣ ጣቶቹ ደንድነዋል፣ ሰው ይስቃል፤ እሷ ሳትናገር መልሶቿን ሁሉ እሱ አዘጋጅቶላት ነበር። ሲነግራት አንዱንም አላለችም። ምድጃውን አጥፍታ ጫማዋን አደረገች።

ሱቁ ስትደርስ ቀዩን ከላይ እስከ ታች አይታ፣ ተጋጭቶ ነው ወይስ ሲሠራም እንዲህ ነበር ብላ ባለሱቁን ጠየቀችው። ከዚያ ወደ ባሏ ዞረች።

«እኔ አንተን ያወቅኩህ በዓይኔ አይደለም። ሁለቱንም ተጫወትና ልስማ።»

ከጀርባ ያለው መጋዘን ገብታ በሩን በላይዋ ዘጋች። እኛ ካፌውን ባዶ አድርገን የሱቁን በር ሞላነው። ጸጉር አስተካካዩ የአንዱን ደንበኛ ግማሽ ጢም ትቶ መጥቷል፤ ደንበኛውም ግማሽ ጢሙን ይዞ ተከትሎታል።

ስፖንጅ መጀመሪያ ቡናማውን ይዞ ተቀመጠ። የዱሮው ዱም ዱም፣ የደረጃው ሥር ጨዋታ፣ ከነሙሉ ጨዋነቱ መጣ። አስተማሪው ዓይናቸውን ጨፈኑ። የእያንዳንዳችን ወጣትነት በየተራ በበሩ ገብቶ አጠገባችን የቆመ መሰለን፤ እኔ ጸጉሬ ተመልሶ የበቀለ መስሎኝ ራሴን ዳበስኩ።

ቀጥሎ የቀዩን ማንገቻ ትከሻው ላይ አሳልፎ ቆመ። ጉልበቶቹ ሣጥኑን ፍለጋ ጎንበስ አሉ፤ ሣጥን የለም። የመጀመሪያው ምት ሳተ። ሁለተኛውም። ላቡን በክንዱ ጠርጎ እንደገና ጀመረ። አሁን ቀስ ያለ ነገር ነበር፣ ከዱሮው የከበደ፣ አንዳንዴ የሚሰናከል። እየቆየ አንገቱ ቀና አለ። እጁ እሱ ራሱ ወደማያውቀው ቦታ ሄደና ሳይወድቅ ተመለሰ። ሲጨርስ ማንም አላጨበጨበም፤ ፍርዱን ነበር የምንጠብቀው።

በሩ ተከፈተ።

«የመጀመሪያው አንተ ነህ» አለች። «ሁለተኛው ማነው?»

ስፖንጅ አንገቱን ደፋ። ቀዩን ከትከሻው ሊያወርድ ማንገቻውን ያዘ። «እኔው ነኝ» አለ፤ ድምፁ ከደረጃ ሥር የሚመጣ ይመስላል።

«የመጀመሪያውን ሰውዬ ዕድሜ ልኬን ሰምቼዋለሁ፤ ከልቤ አይጠፋም። ይሄን ግን አላውቀውም። ይምጣ ቤታችን፣ ልወቀው።»

ባለሱቁ መስኮቱ ላይ የለጠፈውን የቀዩን ዋጋ ወረቀት አነሳ። ጸጉር አስተካካዩ ፎጣ ድሮም ምስማር ይበቃዋል እያለ ወደ ግማሽ ጢሙ ተመለሰ።

ለዚያ ቅርጽ የሚሆን ማኅደር ስላልተገኘ ጊታሩን ራቁቱን ይዘው አውቶቡስ ተሳፈሩ። እኔም ነበርኩ። ከኋላ አንድ ወንበር ከነጎረቤቱ ባዶ ነበር። ሚስትየው ቀዩን ቤዝ በመስኮቱ በኩል አስቀምጣ፣ ቀንዱ ሰው እንዳይወጋ በክንዷ ደግፋ፣ አጠገቡ ተቀመጠች። ትኬት ቆራጩ ደርሶ ወንበሩ የሰው ነው፣ ሰውዬው ይቀመጥበት አለ።

«ተወው» አለችው። «እሱ ከዛሬ ጀምሮ ቆሞ ነው።»

ስፖንጅ የላይኛውን ብረት ጨበጠ። አውቶቡሱ ሲነሣ ከሁላችንም አንደኛ የተንገዳገደው እሱ ነበር፣ ከሁላችንም አንደኛ የሳቀውም እሱ።