ከሲታዋ መኪና

ልጅ እያለሁ እናቴ ከአፏ የማትለየው አባባል «ግድግዳ ጆሮ አለው» የሚለው ነበር። የኛ ግድግዳ ከጆሮም አልፎ ጠመንጃ ነበረው። በጦርነቱ የሞተው አጎቴ ትቶት የሄደውን ጠመንጃ አባቴ ከማገሩ ጋር አስሮት፣ እናቴ በጭቃ መርጋው ነበር። ጭቃውን በእግሬ ያቦካሁት እኔ ስለሆንኩ ምስጢሩን አውቃለሁ። ጠመንጃ የተገኘበት ቤት ከነሰዎቹ እንደሚቃጠልም አውቃለሁ፤ ጣልያን ከተማውን በያዘበት በዚያ ዘመን ይህን የማያውቅ የልደታ ልጅ አልነበረም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከተክለ ሃይማኖት በኩል ተኩስ ሰማን። ሰፈሩ በሩን ጠረቀመ። ተኩሱ እየቀረበ መጥቶ ደጃችን ሲቆም ግን ትንሽ የጭነት መኪና ሆኖ ተገኘ። ሞተሯ እያሳላት መንገዱን ሙሉ ስትተኩስ የመጣችው እሷ ነበረች። አባቴ መኪና ጠጋኝ ስለነበር ነው ወደኛ ያመጧት። ሹፌሩ፣ ላብ ያጠመቀው የጣልያን ወታደር፣ ዘሎ ወረደና እጁን ወደኛ እያወናጨፈ «ማግራ! ማግራ!» ብሎ ጮኸ።

የእናቴ ፊት አመድ መሰለ። ከኛ ቤት ጣልያንኛ የሚሰማው አባቴ ብቻ ነው፤ እሷ የሰማችው «ማገር» ነው። ወደ ውስጥ ገባች።

አባቴ የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ጎንበስ አለ። ሞተሯ አየር የምትስብበትን አፍ በመዳፉ ከደን ሲያደርገው ድምጿ ተስተካከለ፤ ሲለቀው ተመልሳ ሳለች። ቀጥሎ ከካርቡራቶሩ ሥር ባለው መጋጠሚያ ዙሪያ ዘይት ያንጠባጥብ ጀመር። አንደኛው ጎን ላይ ዘይቱ ወደ ውስጥ ተሳበ፣ ሳሉም ለአፍታ ቆመ። ትርፍ አየር የሚገባው በዚያ ነበር።

እኔ ግን ከቤት ውስጥ የመፋቅ ድምፅ ሰምቼ ገባሁ። እናቴ በቢላዋ ግድግዳውን ትልጣለች። የጠመንጃው ሰደፍ ብቅ ብሏል።

«አውጥቼ ልስጠው፣ ምናልባት አንቺን ይተውልኝ» አለችኝ።

ወጥቼ በአባቴ ጆሮ፣ «አባባ፣ እማዬ ማገሩን እያፈረሰች ነው» አልኩት። ቀና እንኳ አላለም። የቤንዚኑን ሽቦ ሳብ ሲያደርገው መኪናዋ ቷ! ቷ! አለች፤ የቢላዋው ድምፅ ተዋጠ።

«ማግራ ማለት ከሲታ ማለት ነው በያት። መኪናዋን ነው። አየር በዝቶ ቤንዚን አንሷት ከሳች ነው የሚለው። ሂጂ፤ ግን እንዳትሮጪ።»

እንደዚያ የከበደኝ መንገድ የለም። ስነግራት ቢላዋው ከእጇ ወደቀ።

አባቴ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የሚል ሰው ነበርና ወታደሩ እየተቁነጠነጠ እሱ ለመጋጠሚያው ማሸጊያ የሚሆን ካርቶን ቀስ ብሎ ቆረጠ፣ ዘይት አጠጣው፣ ከተበላው አሮጌ ካርቶን ጋር አስተያየው። ዝግታውን በልቤ ረገምኩት። በመጨረሻ መጋጠሚያው ውስጥ አስገብቶ አጠበቀው። ሞተሯ ስትነሳ አንዴም አልሳለች።

ወታደሩ ደስ ብሎት ውሃ ሊለምን እስከ በራችን መጣ። እናቴ ቀዳዳውን በጀርባዋ ከድና ቆማለች። ሰውየው ከእግር እስከ ራሷ አያትና በጣቱ እያመለከታት «ማግራ!» ብሎ ሳቀ። እናቴም ሳቀች። ጀርባዋን ግን ከግድግዳው አላነሳችም፤ ውሃውን የሰጠሁት እኔ ነኝ።

ዛሬ ያ ቤት የለም፤ በቦታው የቆመው ኮንዶሚኒየም ግድግዳው ብሎኬት ነው፣ ማገር አያውቅም። እናቴም አባቴም አልፈዋል፣ ይናፍቁኛል። የልጅ ልጆቼ ሊጠይቁኝ ሲመጡ ጉንጬን ስመው «እማማ፣ ከሱብን እኮ!» ይሉኛል። ከፍቅር ነው። እኔም እስቃለሁ። ጀርባዬ ግን ሳላዘው ግድግዳ ይፈልጋል።