ብርቱካን በመብራት ማማው ሥር

ለመርከቦች መንገድ በሚያሳየው የመብራት ማማ ሥር የነበርነው እነዚህ ነን፦ ልጄ ሰናይት ጀርባዋን ለባሕሩ ሰጥታ አጥሩ አጠገብ፣ ባሏ ተስፋዬ መኪናውን ፓርክ አድርጎ ከእኔ ፊት ለፊት፣ የልጅ ልጄ ሊያ ከታች አሸዋው ላይ፣ ፌርፋክስ በሚባለው የሐበሻ ሰፈር የቅመማ ቅመም ሱቅ ያላት ጓደኛዬ አስካለ ደግሞ እኔ ከተቀመጥኩበት አግዳሚ ጫፍ ላይ።

ተስፋዬ ብርቱካን ልጦ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«ይብሉ፣ እትዬ። ዛሬ ሜትሩን ዘግቻለሁ፤ የፈለጉበት አደርስዎታለሁ» አለኝ። ታክሲ ነጂ ነው፤ ቅዳሜ ቀን ሥራ ሲተው አይቼው አላውቅም።

ሳቅኩ። ወዲያው የልጣጩ ሽታ ከባሕሩ ጨው ጋር ተደባልቆ መጣና ብርቱካኑን ሳልቀምሰው ያዝኩት።

ልጅ ሳለሁ፣ አዲስ አበባ፣ እናቴ ሐይቅ ማየት ትመኝ ነበር። ክረምት ሲሆን አባቴ «መንገዱ ጭቃ ነው» ይላት ነበር። አደይ ሲፈነዳ ለጉዞው ብላ ያሰፋችውን ቀሚስ ከሳጥን አውጥታ፣ አጥባ፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣው ነበር፤ የጥቅምት ነፋስ ሲመጣ አባቴ ሥራ በዝቶበት ይሰነብትና ቀሚሱን አጥፋ ትመልሰው ነበር።

አንድ ዓመት፣ ኅዳር ላይ፣ አባቴ ማንም ሳይጠይቀው መኪና ተውሶ መጣና ደብረ ዘይት ወሰደን። እናቴ ቀሚሷን ለብሳ ሐይቁ ዳር ተቀመጠች። ዕቃ ላንሳ ስትል ማንም አላስነካትም፤ አባቴም ብርቱካን እየላጠ ከእኛ ከልጆቹ አስቀድሞ ለእሷ ይሰጣት ነበር።

«ዛሬ ምን ነካህ? አዲስ ሙሽራ አገባህ እንዴ?» ስትለው እሱም አብሯት ሳቀ። ታላቅ እህቴ ዘውዴ ብቻ አልሳቀችም። ምን ሆነሻል ብዬ ልጠይቃት አፌን ስከፍት፣ ብርቱካን አጎረሰችኝና ጭኔን ቆነጠጠችኝ።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ስነቃ ግቢያችን በሰው ሞልቷል። የእናቴ እናት አገር ቤት አርፈው ኖሯል፤ አባቴ ሐይቁ ዳር የወሰዳት፣ ዘመድ እስኪሰበሰብና መርዶው እስኪነገራት ድረስ ከቤት ሊያርቃት ነበር። አያቴን እምብዛም አላውቃቸውም ነበርና ያስደነገጠኝ ሞታቸው አልነበረም። ያስደነገጠኝ አባቴ እያወቀ መሳቁ ነበር።

ለቀስተኛው ከተበተነ በኋላ እናቴ፣ «ቀሚስ ለብሼ ስስቅ ዝም ብላችሁ አያችሁኝ» አለችን። ያን ቀሚስ ከዚያ ወዲያ ስታወጣው አላየሁም።

ብርቱካኑን እንደያዝኩ አንድ በአንድ አየኋቸው። አስካለ ነፋስ ስለማትወድ ከሱቋ ወጥታ ባሕር ዳር አትመጣም። ሰናይት «ቻርጅ ላድርግልሽ» ብላ የወሰደችው ስልኬ ከጠዋት ጀምሮ ቦርሳዋ ውስጥ ነው። ዘውዴ አዲስ አበባ ከታመመች ሰንብታለች፤ ሐሙስ ሐሙስ እንነጋገር ነበር፣ በዚህ ሳምንት ግን ልጄ «ኔትወርክ የለም» አለችኝ፤ እኔም አመንኩ።

«ሰናይት፣ ዛሬ ዘውዴን እናገኛት ይሆን?» አልኳት።

«ኦኬ፣ እማዬ... ማታ እንሞክራለን» ብላ ወደ ባሕሩ ዞረች።

አስካለ፣ «ብዪው እንጂ፣ ሊደርቅብሽ ነው» አለችኝ። ድምፅዋ የሁልጊዜው አልነበረም።

ያኔ ድንኳን የሚተከልበት ግቢ ነበረን፤ አሁን ያለን ቫን ናይስ ያለው የሰናይት አፓርታማ ነው፤ ነገ ጠዋት ሰዉ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ብሎኩን ሲዞር ታየኝ። ሌላው ሁሉ ያው ነው። እናቴ ግን አላወቀችም ነበር።

ሊያ ከአሸዋው ሮጣ መጥታ ስልኳን ደገነችብኝ። «አያቴ፣ ፎቶ ላነሳሽ ነው፤ ሳቂ» አለችኝ።

የቀረውን ብርቱካን እጇ ላይ አኖርኩላት። ነጠላዬን ከትከሻዬ አወረድኩና፣ ሐዘንተኛ እንደሚለብሰው ጥለቱን ወደ አንገቴ አዙሬ ደረብኩት። አስካለ አፏን በእጇ ያዘች። ተነሥቼ ወደ መኪናው ሄድኩ።