ለብቻዋ የተቆረጠ ትኬት

ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራው ሱስታው እያለ ነው፤ በሁለት ምክንያት። አንደኛ ሙያው ነው፤ የተቀደደ ሶፋ፣ የሰመጠ ፍራሽ፣ ሆድ ዕቃው የተዘረገፈ ወንበር ሁሉ መጨረሻው የእሱ ሱቅ ነው። ሁለተኛ ጠባዩ ነው፤ ትንሽ ነገር ሲነካው ፍራሽ ውስጥ እንዳለ ሞላ ከተቀመጠበት ተስፈንጥሮ ይነሳል፣ ወዲያው ደግሞ ተመልሶ ይቀመጣል። ክፋት የለበትም። እንዲያውም ለሰፈሩ ሰው ወገብ እንደ እሱ የሚጨነቅ ሐኪም አልተገኘም። ሰው ቤት ሊጠይቅ ሲሄድ እንኳ መጀመሪያ ወንበሩን በመዳፉ ጫን ጫን ያደርጋል፤ "እንዴት ናችሁ" የሚለው ከዚያ በኋላ ነው።

እንዲህ ያለ ሰው ለባቡር ጉዞ አልጋ ምረጥ ሲባል ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም። የመረጠውም አልጋ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ጥሩ አልጋ ነበር። ዛሬ ድረስ አንጀቱን የሚበላው ግን ያው አልጋ ነው።

ተጓዧ ታላቅ እህቱ ነበረች። እናታቸው የሞተችው እሱ የወተት ጥርሱን ሳይነቅል ስለሆነ ያሳደገችው እሷ ናት። ቀን ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ስታጥብና ስትተኩስ ትውላለች፤ ማታ ከእሱ ጋር አንዲት ጠባብ አልጋ ላይ ትተኛለች፣ ሌላ አልጋ ስላልነበራቸው። ቀን ቀን አፍ የላትም። ብትጠየቅ "ደህና"፣ ብትለመን "ግድ የለም" ነው መልሷ። መብራት ጠፍቶ ጎኗ አልጋ ሲነካ ግን ሌላ ሰው ትሆናለች። ያስቀየማትን፣ ያሳቃትን፣ የፈራችውን ሁሉ ጣራ ጣራውን እያየች ትነግረዋለች። የልብስ ማጠቢያ ክፍሉን አለቃ ድምፅ እያስመሰለች ስታወራ አልጋው እስኪንቀጠቀጥ ድረስ አብረው ይስቁ ነበር። ሱስታው የእህቱን ሆድ ያወቀው እንዲህ ተጋድሞ ነው፤ ቀን ላይማ ማንም አያውቀውም።

በኋላ እሷ አገባች፤ እሱም ወግ ደርሶት አገባ። ሚስቱ "እትዬ" እና "አንቱ" እያለች ስታከብራት አይቶ እሱም ቀስ በቀስ አንቱ ማለት ጀመረ። እንደ እናቴ ናት፣ ቢያንሳት እንጂ አይበዛባትም ብሎ ነው። የመጀመሪያ ቀን አንቱ ሲላት እህቱ ዞር ብላ ከኋላዋ ማን እንደቆመ አየች። ማንም አልነበረም። ከዚያ ዝም አለች፤ እሱም ዝምታዋን ደስ ብሏት ነው ብሎ ተረጎመው።

ዓመታት አለፉ፤ ባሏ ሞተ። አንድ ልጇ ሥራ አግኝቶ ባቡሩ ሌሊቱን ሙሉ ተጉዞ ጠዋት የሚደርስበት ከተማ ገባ። በዚህ መሀል የተከራየችው ቤት ሊፈርስ ነው ተባለ። ልጇ ሰምቶ "ጠቅልለሽ እኔ ጋ ነይ" አላት። እሷም "ግድ የለም" አለች፤ ልጇም እሺ ማለቷ ነው ብሎ ወሰደው።

በዚያ ሰሞን ሱስታው ምላሱ ጫፍ ላይ አንድ ነገር ነበር። እኔ ጋ ይሁኑ ሊላት። ቤቱ ሁለት ክፍል ነው፣ ልጆቹ ሦስት ናቸው፣ ቢሆንም ለእሷ የሚሆን ቦታ አይጠፋም። ሁለት ሦስቴ ሊናገር አፉን ከፍቶ፣ ስለ ቤት አፍራሾቹ ጭካኔ አውርቶ ዘጋው። የወለደችው ልጅ እያላት ወንድሟ ቤት ተጠጋች ይሏታል ብሎ አሰበ። ልጇም ናፍቋት ይሆናል አለ። ደግሞስ ብትፈልግ ኖሮ ትለኝ ነበር አለ። ጉዱን የሠራችው ይቺ የመጨረሻዋ ናት፤ እህቱ በቀን ምን ብላ ታውቃለችና ነው?

ያም ሆነ ይህ፣ "እኔው አደርስዎታለሁ" አላትና ትኬቱን ሊገዛ ተነሳ። ጎረቤቶቹ "መንገዳችሁን አልጋ በአልጋ ያድርግላችሁ" ብለው መረቁ። ሌላ ሰው አሜን ብሎ ያልፋል፤ ሱስታው ግን ምርቃቱን እንደ ሥራ ትእዛዝ ተቀበለው።

ትኬት ከመግዛቱ በፊት አልጋዎቹን በዓይኔ ካላየሁ አለና ባቡር ጣቢያ ሄደ። የቆመውን ባቡር የምታጸዳ ሴት አገኘ። "ፍራሽ ሠሪ ነኝ፣ ፍራሹን ብቻ ነካ አድርጌ ልውረድ" ሲላት ስቃ አስገባችው። መጀመሪያ የጋራውን ክፍል አሳየችው። አራት አልጋ አለው፤ ሁለት ከላይ፣ ሁለት ከታች ትይዩ። ከታች ባሉት መሀል ያለው ክፍተት ጠባብ ስለሆነ፣ አንደኛው ላይ የተኛ ሰው እጁን ቢዘረጋ ማዶ የተኛውን ይነካዋል። ሱስታው ይህን አላየም። እሱ ያየው ስፖንጁን ነው። ጫን ሲያደርገው መዳፉ ጣውላው ላይ አረፈ።

"ይሄ ፍራሽ አይደለም፣ የፍራሽ አጽም ነው" አለ።

ቀጥላ የብቻውን ክፍል ከፈተችለት። አንድ አልጋ፣ መስታወት፣ ትንሽዬ የእጅ መታጠቢያ፣ ከውስጥ የሚቆለፍ በር። ፍራሹ ባለ ሱስታ ነው። ጫን አደረገው፤ ፍራሹም መልሶ ገፋው። ተቀመጠበት፣ ተነሳ፣ እንደገና ተቀመጠ። ዳሩን በጣቱ እየዳሰሰ ስፌቱን ተከተለ። እሱ ራሱ ቢሠራው የማያፍርበት ሥራ ነበር። ጫማውን አውልቆ ሊጋደም ሲል ሴትዮዋ "ኧረ አባቴ፣ እዚሁ ሊያድሩ ነው እንዴ?" አለችው።

ቤት ሲገባ ሚስቱ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር።

"ለእትዬ የብቻውን ክፍል እቆርጥላታለሁ" አላት። "እኔ መቀመጫው ፉርጎ ውስጥ እሆናለሁ። ለሁለታችንም አልጋ አቅም አይፈቅድም።"

"የጋራውን ግዛና አብራችሁ ሂዱ" አለች ሚስቱ ቀና ሳትል።

"የጋራውን? ወገቧ ነው የሚሰበረው።"

"ባንድ ሌሊት ማንም ወገቡ አይሰበርም። እህትህ እኮ ሽርሽር አይደለም የምትሄደው፣ ጠቅልላ ነው። የምትልህ ነገር አይጠፋም።"

"የምትለኝ ካለ እስከ ዛሬ ምን ያዛት?"

"አክብረህ አክብረህ ሰማይ ሰቀልካት። ከዚያ ላይ ሆና በየት በኩል ታውራህ?"

ሱስታው እንደ ልማዱ ተስፈንጥሮ ተነሳ። ስለ ፍራሽ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ካለ ይምጣ ብሎ በሩን ወርውሮ ዘግቶት ወጣ። ሚስቱ ስለ ፍራሽ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም ነበር።

ትኬት ቆራጯ "በጋራ ነው ለብቻ?" ስትለው ከኋላው የተሰለፉት ሁሉ እንዲሰሙለት ጮክ ብሎ "ለብቻዋ" አለ።

"አብሯት የሚሄድ ሰው የለም?"

"እኔ አለሁ፣ ኋላ ፉርጎ።"

ቆራጯ ቀና ብላ አየችው። "ከታች ሁለት ትይዩ አልጋ አለኝ እኮ። በቅናሽ አብራችሁ ትሄዳላችሁ።"

"ግድ የለም እህቴ፣ ለብቻዋ ይሁንልኝ።"

ምን ታድርግ፣ ቆረጠችለት። ለክቡር እንግዳ የሚሰጠው ክፍል ለብቻ ይባላል፤ ዘመድ አዝማድ የሌለው ሰውም የሚኖረው ለብቻው ነው። ሱስታው ያን ቀን የሰማው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የጉዞው ዕለት እህቱን በክንዷ ደግፎ አሳፈራት። ክፍሉን ከፍቶ እንደ ባለቤት አስጎበኛት።

"መብራቱ እዚህ ጋ ነው። ይሄ መቆለፊያው ነው፣ ከውስጥ ይቆልፉታል፣ ማንም አይገባብዎትም። እስቲ ፍራሹን ጫን አድርገው ይዩት።"

እህቱ ጫን አላደረገችውም። ዳሩ ላይ ቁጭ ብላ፣ ጥቅሏን ጭኗ ላይ እንዳቀፈች ግድግዳውን አየችው።

"አንተስ የት ነህ?"

"እኔ ኋላ ነኝ። ለእኔ አያስቡ፣ ቁጭ ብዬም እንቅልፍ ይወስደኛል።"

"ሰፊ ነው አልጋው" አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ "ለሁለት ይበቃል" አለች።

ሱስታው ሳቀ። "ኧረ እትዬ፣ ለብቻዎ ነው እኮ የተገዛው።"

እሷም ፈገግ አለች። "እግዜር ይስጥልኝ" አለችው፣ ባዳ እንደሚመሰገን። እሱም በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋላት።

ወደ ቦታው ሲሄድ ደስ ብሎት እንደነበር መካድ አይቻልም። አጠገቡ የተቀመጠው ወፍራም ሰውዬ ባቡሩ ከጣቢያው ሳይርቅ እንቅልፍ ጥሎት የሱስታውን ትከሻ ትራስ አደረገው። መቀመጫው ይቆረቁራል፣ ሕፃን ያለቅሳል፣ የሆነ ሰው ጫማውን አውልቋል። ሱስታው ሁሉንም በደስታ ቻለው። እህቴ ዛሬ ተመቻት፣ ያሳደገችኝን አንድ ሌሊት እንኳ እንደ ወይዘሮ አስተኛኋት እያለ ራሱን ያመሰግናል።

አንድ ጊዜ ግን አላስችል አለው። ሰውዬውን ከትከሻው ላይ አውርዶ፣ መቀመጫ ለመቀመጫ እየተደገፈ እስከ እህቱ በር ሄደ። በበሩ ሥር ብርሃን ይታያል። ሊያንኳኳ እጁን አነሳ። ከዚያ እጁን አወረደ። መብራቱን ሳታጠፋ እንቅልፍ ወስዷት ነው፣ እንዲህ ነው ጥሩ ፍራሽ ብሎ ረክቶ ተመለሰ።

ጠዋት ሲመጣላት እህቱ ተነስታ ነጠላዋን አስተካክላ ጠበቀችው። አንሶላው እጥፉ እንኳ አልተነካም። አይ እትዬ፣ ለባቡር ሠራተኞችም አንጥፋ ልትወርድ አለ በልቡ፤ ሌላ ነገር አላሰበም።

"እንዴት ነበር ፍራሹ?"

"ጥሩ ነው" አለች።

ልጇ መኪና ይዞ ጠበቃቸው። ጨዋ ልጅ ነው፣ አይታማም። እናቱን ስሞ፣ አጎቱን ስሞ፣ ጥቅሏን ተሸክሞ ወሰዳት። ሱስታውም በዚያው ባቡር ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ በስልክ ነበር። እንዴት ነዎት ሲላት ደህና፣ የጎደለ ነገር አለ ሲላት ግድ የለም። ዓመት ከምናምን ሲያልፍ ልያት ብሎ ሄደ። የልጇ ቤት ሰፊ ነው። ልጁም ሚስቱም ጠዋት ወጥተው ማታ ነው የሚገቡት። ለእናቱ ከዋናው ቤት ጀርባ የራሷ በር ያለው ክፍል ሰጥቷታል። አልጋዋ ጥሩ ነው፤ መጋረጃዋ ወፍራም ነው፤ ከሰዓት የደም ግፊቷ ስለሚያስቸግራት መጋረጃውን ዘግታ ትጋደማለች።

የዚያን ቀንም ከምሳ በኋላ ተጋደመች። ሱስታው አጠገቧ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ክፍሉ ጨለም ብሏል። ተኝታለች ብሎ ሊነሳ ሲል፣ ጣራ ጣራውን እያየች ተናገረች።

"ያን ሌሊት አልተኛሁም።"

"የቱን ሌሊት?"

"የባቡሩን።"

"ፍራሹ አልተመቸዎትም?"

"ፍራሹንማ መች ነካሁት። ትተኸኝ እንደሄድክ ዳሩ ላይ እንደተቀመጥኩ ነው የነጋው።" ድምፅዋ የጥንቱ ነው፤ ከስንት ዓመት በፊት በዚያች ጠባብ አልጋ ላይ ይሰማው የነበረው። "ልልህ የያዝኩት ነገር ነበር። ቀን አይወጣልኝም፣ ታውቀኛለህ። ባቡሩ ላይ አጠገብ ለአጠገብ እንተኛለን፣ መብራቱ ይጠፋል፣ ያኔ እለዋለሁ ብዬ ስንት ቀን ሳሰላስለው ነበር የሰነበትኩት።"

"ምን ልትይኝ?"

"መልሰኝ ልልህ። አንተ ጋ ልሁን፣ ከልጆቹ መሀል የትም እጋደማለሁ ልልህ። በሩን ስትዘጋው፣ እንግዲህ አልፈለገኝም አልኩ። መልሼ ደግሞ፣ የማይፈልገኝ ሰው እንዲህ ያለ ክፍል መች ይገዛልኛል አልኩ። ግራ ገባኝ። ምናልባት ብቅ ካልክ ብዬ መብራቱን ሳላጠፋው አደርኩ።"

"መጥቼ ነበር" አለ። "በሩ ድረስ መጥቼ ነበር።"

"ሰምቼሃለሁ። ኮቴህን አላጣውም።"

"ታዲያ ለምን አልከፈትሽልኝም?"

"አንተስ ለምን አላንኳኳህም?"

ተኝተሽ መስሎኝ ነው ቢል ውሸት አይደለም፤ ግን ለእሷ የሚባል ነገር አልመስል አለው። አለቀሰ፤ ትልቅ ሰው፣ የልጆች አባት፣ ድምፅ አውጥቶ አለቀሰ። ከዚያም ተስፈንጥሮ ተነሳና ነገውኑ እንሂድ አላት። ልጆቹን አንድ ላይ አስተኛቸዋለሁ፣ የሱቁን ዕቃ ከጓዳ አወጣለሁ፣ ቦታ ሞልቷል፣ አንቺ ብቻ እሺ በይኝ፣ ልጅሽን እኔ አስረዳዋለሁ አለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይሄ ነው።

እህቱ እስኪጨርስ ጠበቀችው። ቂም አልያዘችም፣ ፊቷ ላይ ቁጣም የለም፤ ቢኖር ይሻለው ነበር።

"ያኔ ቢሆን እንዴት ደስ ባለኝ" አለች። "አሁንማ ለመድኩት። መጀመሪያ ሰሞን ነው የከበደኝ። አሁን የሚያስደነግጠኝ ሰው ሲገባ ነው።"