«ፈረቃዬ ጠዋት ነው» አለኝ ጀለሴ፣ ቤዜን እየበየደ

ትናንት ከሰዓት የቤዝ ጊታሬን ሆድ ከፍተን እኔና ጀለሴ ኦብሳ መሬት ላይ ተቀምጠናል። ፒክአፕ እየቀየርን ነው... መኪናውን አይደለም። ከክሮቹ ስር ተገጥማ ድምፁን ወደ አምፕሊፋየሩ የምትልከዋን፣ ማግኔት ያለባትን ነገር ነው የምላችሁ። ሰፈር ውስጥ «ፒክአፕ ልቀይር ነው» ስል አንዱ ደላላ ጭራሽ «አሮጌውን ለማንም እንዳታሳይ፣ ሞጆ ገዢ አለኝ» ብሎኛል።

የድሮዎቹ አልቆላቸዋል። ቤዟን ስሰካት ንብ የገባባት ቀፎ ነው የምትመስለው። እሁድ ደግሞ ሁሩታ ሰርግ አለብን፣ እኔ ቤዝ፣ እሱ ኪቦርድ። በዚህ ድምፅ ከሄድን ሙሽራው ራሱ ነው የሚያባርረን። ያገለገሉ ግን ደህና ፒክአፖች አገኘንና የውስጡንም ሽቦ አብረን ልንቀይር ተነሳን።

ኦብሳን ለማታውቁት... አስረኛ ክፍል እያለን ዩኒት ሊደሩ «ፀጉርህን ካልተቆረጥክ አትገባም» ሲለኝ አፌ ያመጣልኝን ነግሬው ወጣሁ። በዛው ቀረሁ። ኦብሳን ማንም ምንም አላለውም። ቦርሳውን አንስቶ «እሱ ከወጣ እኔም ወጥቻለሁ» ብሎ ተከተለኝ። ለኔ እንደዛ ያደረገ ሰው የለም። እናቴ «ትምህርቱን ጥለህ ምን አተረፍክ?» ስትለኝ መልሴ ሁሌም «ኦብሳን» ነው።

ትናንት መበየጃውን የያዘው እሱ ነው። እኔ አንድ ሽቦ እምቢ ካለኝ ጊታሩን ግድግዳ ላይ ልሰብረው እችላለሁ። እሱ ግን ቀስ ብሎ ይልጣል፣ ይበይዳል፣ እፍ ይላል።

«ሁለቱን ጎን ለጎን፣ ፓራለል ነው የምናደርጋቸው» አለኝ። «አንዷ ከአንዷ ተቀጥላ ሲሪየስ ከሆኑ ድምፁ ይለወጣል።»

«አንተ ራስህ ሲሪየስ ሆነሃል ዛሬ።»

«ዲሲ፣ ተወኝ ባክህ፣ ያቺን ጥቁሯን ሽቦ አቀብለኝ።»

«የት ነው ግን ይሄን ሁሉ የለመድከው?»

«ዩቲዩብ።»

አመንኩት። ለምን አላምነውም?

አንዷን ጨርሰን ሁለተኛዋን ስንጀምር መብራት ጠፋ።

«በቃ፣ ነገ ጠዋት እንጨርሳታለን» አልኩት።

«ነገ ጠዋት አልችልም፣ ፈረቃዬ ጠዋት ነው» አለኝ፣ ቀና እንኳን ሳይል።

የያዝኩለትን ሽቦ ለቀቅኩት።

«የምን ፈረቃ?»

«የ... ሥራ ነዋ። ኢንዱስትሪ ፓርክ ገባሁ። ልነግርህ ነበር።»

እህቴ ሰናይት እዛው ፓርክ ልብስ ነው የምትሰፋው። ሌሊት ሠርታ ገብታ ከመጋረጃው ጀርባ ተኝታለች ብለን ነበር።

«የቱ ሼድ ገባህ?» አለችው ከብርድ ልብሱ ውስጥ።

ኦብሳ ሽቦ ወደ መላጡ ተመለሰ።

«እኛ ጋ ሽፍት ነው የሚባለው» አለች። «ፈረቃ የሚል ተማሪ ነው።» ከዛ ወደ ግድግዳው ዞራ ተኛች።

እንዴት እንደበራልኝ ልንገራችሁ። ይሄ ልጅ አንድ ሳምንት ጠዋት ጠዋት ይጠፋል፣ በቀጣዩ ሳምንት ከሰዓት ከሰዓት ይጠፋል። «አጎቴን ሱቅ እያገዝኩ ነው» ነው የሚለኝ። ሱቅ እንደ ትምህርት ቤት ሳምንት እየቆጠረ ፈረቃ ሲቀይር የት ታይቶ ያውቃል? እኔ ግን አጎትየውን ግራ የገባው ነጋዴ ነው ብዬ አልፌዋለሁ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመስከረም።»

«ዩኒፎርሙስ?»

«አጎቴ ሱቅ ነው የምቀይረው። እንዳታየኝ ብዬ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ትበሽቃለህ ብዬ።»

«አልበሽቅም» አልኩት። ጎረቤት ሰምቶኛል።

«አባቴ አለቀሰ፣ ኦቦሌሳ» አለኝ። እሱ ኦሮምኛውን ቀላቅሎ ወንድሜ ሲለኝ ነገሩ ከምሩ ነው። «ሽማግሌ ሰው ፊቴ አለቀሰ። ምን ላድርግ? ና አብረን እንመለስ ልልህ ስንቴ አፌ ላይ...»

አላስጨረስኩትም። በሩን አሳየሁት።

«እሺ ቤዟን ልጨርስልህና...»

«የኔን ቤዝ ተማሪ አይነካትም።»

ወጣ። ጫማውን እንኳን በደንብ አላሰረም።

መብራት ሲመጣ የቀረችውን ራሴ በየድኳት። ጣቴን አቃጠልኩ፣ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሰደብኩ፣ ግን በየድኳት። ሰካሁ። የሱን ብቻ ስከፍት አሪፍ። የኔን ብቻ ስከፍት አሪፍ። ሁለቱን አንድ ላይ ስከፍታቸው ድምፁ ሳስቶ ባዶ ጣሳ ሆነ። ካቻቪቴዬን ይዤ ስፈታና ስገጥም አመሸሁ። ወይ ፍንክች።

ዛሬ ጠዋት ድምፁን ቀድቼ በቴሌግራም ላኩለት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ... ድምፁን ብቻ። ኩራቴን እንደዋጥኩ እንዳያውቅ ብዬ ነው፣ ግን ያውቃል።

እረፍት ሰዓታቸው ላይ መሰለኝ መለሰልኝ። «አንተ የበየድካት ላይ ነጩንና ጥቁሩን አገላብጣቸው። አንዷ የሌላዋን ድምፅ እየዋጠች እርስ በርስ እየተጠፋፉ ነው።»

አገላበጥኳቸው። ሁለቱንም ከፈትኩና ወፍራሙን ክር አንዴ መታሁት። የመስኮቱ መስታወት ተርገፈገፈ። ሰናይት ከእንቅልፏ ነቅታ «ውይ፣ አማረች» አለች። ቤዜ ከተገዛች ጀምሮ እህቴ እንደዚህ ብላ አታውቅም።

«ሠራ» ብዬ ጻፍኩለት። አጠፋሁት። እንደገና ጻፍኩ፣ እንደገና አጠፋሁት። እሁድ ሁሩታ ድረስ አንድ ወንበር ላይ ተጣብቀን ነው የምንሄደው፣ ምን እንደምለው እስካሁን አላውቅም።

ሰው ከከዳህ አይቀር ቢያንስ ይሳሳት እንጂ... ከድቶህም ልክ ሲሆን ምን ትለዋለህ?